የጥቅምት ፋይል የትኛው ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። ድረ ገጻችን ውጭ አገር በተከራየነው የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ላይ በአፓቼ፣ ገጾቹን ለጎብኚ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ይሠራል። አለቃችን በየወሩ የድረ ገጹን የጉብኝት ሪፖርት ይጠይቁናል፤ ወሩ ደግሞ የእኛው ወር ነው። የጥቅምት 2018ን ልሠራ ኅዳር 4 ጧት ቁጭ ስል ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጉብኝት በመስመር የሚመዘግብበት ፋይል፣ የሚቀመጥበት ቦታ «አክሰስ ሎግ»፣ «አክሰስ ሎግ 1»፣ «አክሰስ ሎግ 2» እያለ እስከ 60 ድረስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በጣቴ ወደ ኋላ ቆጥሬ ከ4 እስከ 33 ያሉትን 30 ፋይሎች ደመርኩ። ባልደረባዬ ለማመሳከር ብሎ ኅዳር 6 ያንኑ ከ4 እስከ 33 ያለውን ሲደምር ሌላ ቁጥር መጣበት። አለቃችን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው «ከሁለታችሁ ማንን ልመን?» አሉን። እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።

መልስ

አብሽሪ እህቴ፣ ውሸታም የለበትም። ግን የጥቅምትን ሪፖርት የሠራም የለም። አንቺ ተጠግተሽዋል፤ ባልደረባሽ በሁለት ቀን አልፎታል።

ከፋይሉ ስም ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር የፋይሉ መታወቂያ አይደለም። ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አስቢው፦ አዲስ ሰው ከወዲህኛው ጫፍ ሲቀመጥ ሁሉም አንድ ቦታ ይጠጋል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን የሚያጠጋጋው ሎግሮቴት የሚባለው ፕሮግራም ነው። በየቀኑ አሁን የሚጻፍበትን ፋይል «1» ይለዋል፤ የትናንቱ «1» «2» ይሆናል፤ «2» «3» ይሆናል፤ 60ኛው ይሰረዛል። ስለዚህ ኅዳር 4 ቀን «4» የነበረው ፋይል ኅዳር 6 ላይ «6» ሆኗል። ባልደረባሽ ኅዳር 6 ላይ ከ4 እስከ 33 ሲወስድ የኅዳርን የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ጨምሮ የጥቅምትን የመጀመሪያ ሁለት ቀናት አስቀርቷል። የሁለታችሁ ልዩነት ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር እዚሁ ላይ አለ። ሎጉን በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ካላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት በ«3» ስም የተገለበጠውና ዛሬ ሰርቨሩ ላይ «10» ተብሎ የተቀመጠው አንድ ፋይል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የደመረ ሰው ያንን ቀን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ ስማቸው ስለማይመሳሰል ደግሞ አይነቃበትም።

አሁን ወደ አንቺ ስሌት። ጥቅምት 1 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ነው፤ ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ነው። ኅዳር 4 ደግሞ ኖቬምበር 13 ላይ ይውላል። ከዚያ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ «4» የኖቬምበር 9፣ «33» የኦክቶበር 11 ይሆናል። እስከዚህ ጣትሽ አልዋሸሽም።

የሳተብሽ ሰዓቱ ነው። ውጭ አገር የሚከራይ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ነው የሚሠራው፤ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ሌሊት ሆኖ ጥቅምት 1 ሲገባ ሰርቨሩ ገና ኦክቶበር 10፣ 21:00 ላይ ነው። ሰርቨሩ እኩለ ሌሊት ደርሶ ፋይል ሲቀይር ለእኛ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ የጥቅምት የመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ያሉት በ«34» ውስጥ ነው፤ እሱን ግን አልወሰድሽም። «4» ውስጥ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 3 ሰዓታት የጥቅምት ሳይሆኑ የኅዳር ናቸው።

«በእኩለ ሌሊት ማን ድረ ገጽ ይከፍታል?» እንዳትዪኝ። የወሎ ልጅ የሌለበት አገር የለም። እኛ እኩለ ሌሊት ላይ ስንሆን ዋሽንግተን ላይ ከሰዓት በኋላ ነው። የጉግል መፈለጊያ ሮቦትም ቢሆን እንቅልፍ አያውቅም።

በዚህ ላይ ፋይሉ የሚቀየረው በትክክል 00:00 ላይ ነው ብለሽ አትመኚ። አዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ሎግሮቴትን የሚቀሰቅሰው የሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ፕሮግራም) ሰዓት ቆጣሪ በቀን አንድ ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሣል፤ ደቂቃውን ግን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ደግሞ ፋይሉ ስሙ ተቀይሮ አፓቼ አዲሱን እስኪከፍት ድረስ፣ የጀመሩትን ሥራ ያልጨረሱ ሂደቶች መስመራቸውን የሚጽፉት በአሮጌው ላይ ነው። «1» ዚፕ ሳይደረግ የሚቀመጠውና ዚፕ የሚደረገው ከ«2» ጀምሮ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዲሌይ ኮምፕረስ የሚባለው ትእዛዝ ሥራው ይኸው ነው። እንዲያውም አፓቼ መስመሩ ላይ የሚያሰፍረው ሰዓት ጥያቄው የደረሰበትን ነው፤ መስመሩን የሚጽፈው ግን መልሱን ሰጥቶ ሲጨርስ ነው። በ23:58 አንድ ትልቅ ፒዲኤፍ ማውረድ የጀመረ ሰው፣ ኔትወርኩ ደግሞ የምናውቀው ኔትወርክ ከሆነ፣ የትናንት ሰዓት ይዞ የዛሬ ፋይል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው፦ ፋይል ስመርጥ ቸር ነኝ፣ መስመር ስመርጥ ስስታም ነኝ። ለጥቅምት «4» እስከ «34» ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጨምሬ ከ«3» እስከ «35» እወስዳለሁ። ትርፍ ፋይል መክፈት የሚያስከፍለው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የጎደለ ፋይል ግን ከአለቃ ጋር ያጣላል። ከዚያ የእያንዳንዱን መስመር ሰዓት አይቼ ከክልሉ ውጭ ያለውን ሁሉ እጥላለሁ።

ምርጫውን በጣት ቆጠራ ሳይሆን በፋይሉ የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት አድርጊው፤ በኤልኤስ ሰረዝ ኤል (የፋይሎችን ዝርዝር ከነሰዓታቸው በሚያሳየው ትእዛዝ) የሚታይሽ እሱ ነው። አንድ ፋይል በውስጡ የያዘው ከእሱ በፊት ያለው ፋይል መጨረሻ ከተጻፈበት አንሥቶ እሱ ራሱ መጨረሻ እስከተጻፈበት ድረስ ያለውን ነው። ጂዚፕ (ዚፕ የሚያደርገው ፕሮግራም) ሲያምቀው ያንን ሰዓት አይነካውም። ወደ ሌላ ቦታ ስትገለብጪ ግን ሲፒ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ፒ ካልጨመርሽበት ሰዓቱ የተገለበጠበት ሰዓት ይሆንና ይህ ዘዴ አይሠራም። ከተጠራጠርሽ በዜድካት (ዚፕ የሆነን ፋይል በሚያነበው ትእዛዝ) ከፍተሽ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ብቻ አውጪ፤ ከዚያ በላይ ምስክር የለም። ዜድካት ላይ ሰረዝ ኤፍ ብትጨምሪበት ዚፕ የሆነውንም ያልሆነውንም ያለ ጭቅጭቅ ያነብልሻል። ዝርዝሩን በኤልኤስ ስታወጪም ሰረዝ ቪ ጨምሪ፤ አለዚያ «10» ከ«2» በፊት ይመጣና ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል።

መስመሩ ውስጥ ያለው ጊዜ «10/ኦክት/2025:21:00:03 +0000» ይመስላል፤ የወሩን ስም አፓቼ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ነው የሚጽፈው። ይህ አጻጻፍ ለዓይን ይመቻል፣ ለማወዳደር ግን አይሆንም። ቀኑ ፊት ስለቆመ የኖቬምበር 9 መስመር ከኦክቶበር 11 ቀድሞ ይሰለፋል። ስለዚህ በኦክ (መስመርን በዓምድ በሚከፍለው ትእዛዝ) አራተኛውን ዓምድ ውሰጂ፣ ፊቱ ላይ ያለችውን ቅንፍ አንሺ፣ በሰያፍ መስመርና በሁለት ነጥብ ሰንጥቂው፣ የወሩን ስም ወደ ቁጥር ቀይሪ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት ብለሽ በዚህ ቅደም ተከተል አንድ ቁጥር አድርገሽ አጣብቂው። ኦክቶበር 10 በ21 ሰዓት 2025101021 ይሆናል። የጥቅምት መስመር ማለት ይህ ቁጥሩ ከ2025101021 ያላነሰ፣ ከ2025110921 ደግሞ ያነሰ መስመር ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀያይርም፤ ልዩነቱም ድፍን 3 ሰዓት ስለሆነ ከደቂቃና ከሰከንድ ጋር መታገል አያስፈልግሽም።

«ያላነሰ» እና «ያነሰ» ያልኩትን አደራ። መጨረሻውን «እስከ ጥቅምት 30፣ 23:59» ብለሽ ከጻፍሽ የመጨረሻዋ ደቂቃ ትወድቃለች፤ «እስከ ኅዳር 1 ድረስ፣ እሱንም ጨምሮ» ካልሽ ደግሞ ኅዳር 1 ሁለት ወር ላይ ትቆጠራለች። መነሻው ይገባል፣ መድረሻው አይገባም። እንዲህ ከሆነ የመስከረምና የጥቅምት ድምር ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 30 በአንድ ጊዜ ከተሠራው ጋር በመስመር እንኳን አይለያይም። እኔ ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈትነው በዚህ ነው፤ ካልገጠመ ሌላውን ገጽ አላነብም።

+0000 የምትለዋን ጭራም አትናቂያት። አንድ ቀን አንድ ደግ ሰው የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀይሮት ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያሉት መስመሮች +0300 ይላሉ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ካሉ ወደ አንድ ሳታመጪ አታወዳድሪ።

ማጣሪያውን ስትጨርሺ የየቀኑን መስመር ብዛት አውጪ፤ ግን ቀኑን በኢትዮጵያ ሰዓት ቀይረሽ። 30 ቀን መምጣት አለበት። 31 ከመጣ የዩቲሲ ቀን ነው የቆጠርሽው። 29 ከመጣ ፋይል ጎድሏል፣ ወይም ሰርቨሩ ያን ቀን አልሠራም።

አለቃሽንም አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ቀኑ የሚጀምረው መቼ ነው? በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ገና የትናንት ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚነጋው 12 ሰዓት ላይ ነው። እንደዚያ ነው የምፈልገው ካሉሽ ድንበሩ 21:00 ሳይሆን በማግስቱ 03:00 ዩቲሲ ይሆናል። የፈለጉትን ይምረጡ፣ ግን ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ ከቀረ የሚቀጥለው ዓመት ባለሙያ ሌላ ድንበር ይመርጥና እንደገና ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ለወደፊቱ ደግሞ ከወንበር ቁጥር ውጡ። በሎግሮቴት ማዋቀሪያ ላይ ዴትኤክስት የሚለውን ቃል ጨምሩ፤ ፋይሉ ከጀርባው 20251110 የመሰለ ቀን ይለጠፍበትና ስሙ አይቀያየርም። ወጥመዷ፦ ቀኑ ፋይሉ የተቀየረበት ነው፤ ውስጡ ያለው የዋዜማው ነው። ዴትየስተርደይ የሚለውን አብራችሁ ብትጨምሩ ስሙና ይዘቱ ይታረቃሉ። ሽግግሩን ስታደርጉ አሮጌዎቹ ባለቁጥር ፋይሎች ከሎግሮቴት ዓይን ይወጣሉ፤ አይሰረዙም አይንቀሳቀሱም፤ በእጅ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሯቸው።

ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው እስከ 60 ድረስ እንዲቆይ ማድረጉን አመስግኚው። የኡቡንቱ አፓቼ ከመነሻው 14 ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ኅዳር 4 ላይ 14 ፋይል ይዘሽ ቢሆን ኖሮ የጥቅምት አጋማሽ እንኳን አይገኝም ነበር፤ ይህን ሁሉ መጻፌም ከንቱ ነበር።

አለቃሽ «ስንት ሰው» ብለው ከጠየቁ ደግሞ የመስመር ብዛት የሰው ብዛት አይደለም። አንድ ገጽ የከፈተ ሰው ለየሥዕሉ አንድ መስመር ይተዋል። እሱን በሌላ እትም እመለስበታለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

የእኛ ሰርቨር እዚሁ ቢሮ ውስጥ ነው። ፋይሎቹ በየቀኑ መቀየር ሲኖርባቸው አንዳንዱ የሁለት ቀን ይዟል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ፋይል የለውም። አንድ ፋይል ውስጥ ደግሞ ከዓመታት በፊት የተመዘገበ የሚመስል ቀን አየሁ፤ ያኔ ሰርቨሩ ገና አልተገዛም ነበር! ተጠልፈን ይሆን?

መልስ

ወንድሜ፣ የጠለፈህ መብራት ነው።

በቆዩት የዴቢያንና የኡቡንቱ ስሪቶች ላይ ዕለታዊ ሥራዎች የሚነሡት በ06:25 ነው፤ ሰርቨርህ በአገራችን ሰዓት ከተሞላ ከጧቱ 12:25 መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ከጠፋ፣ አናክሮን የሚባለው ፕሮግራም ካልተጫነ በቀር፣ የዚያ ቀን ሥራ ይዘለላል። ሎጉ ግን አይጠፋም። መብራት ሲመጣ አፓቼ በዚያው በአሮጌው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ በማግስቱ 12:25 ላይ ሲቀየር የሁለት ቀን ፋይል ይሆናል። አዲሶቹ ስሪቶች ላይ ሰዓት ቆጣሪው ያለፈውን ያስታውስና ማሽኑ እንደተነሣ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ፋይሉ ቀትር ላይም ሊቀየር ይችላል። መቼ እንደተቀየረ ማወቅ ከፈለግህ በቫር ሊብ ሎግሮቴት ሥር «ስታተስ» የሚባል ፋይል አለ፤ የእያንዳንዱን ሎግ የመጨረሻ የመቀየሪያ ቀን ጽፎ ይዟል።

ሌላም አለ። ማዋቀሪያው ላይ ኖትኢፍኤምፕቲ የሚል ካለ ባዶ ፋይል አይቀየርም። ማንም ሳይጎበኘው ያደረ ድረ ገጽ ለዚያ ቀን ፋይል አይኖረውም፤ «ሦስተኛው ፋይል የሦስት ቀን በፊቱ ነው» የሚለው ቆጠራም እዚያው ይከሽፋል። ለኮምቦልቻዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብበው፦ ፋይሉን ተወውና መስመሩን አጣራ። የሁለት ቀን ፋይልም፣ ቀትር ላይ የተቀየረም፣ የተዘለለም ለዚህ ዘዴ ልዩነት የለውም።

ሰርቨሩ ከመገዛቱ በፊት ያለው ቀን የማዘርቦርዱ ባትሪ ሥራ ነው። ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት ማሽኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና ከፋብሪካ ከተቀመጠለት ቀን ይነሣል። ኢንተርኔት አግኝቶ በኤንቲፒ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ የተጻፈው መስመር ሁሉ በውሸት ቀን ይመዘገባል። ደሴ ላይ መብራቱ ቀድሞ ኢንተርኔቱ ዘግይቶ የሚመጣበት ጧት ብርቅ አይደለም፤ ያ ክፍተት ግማሽ ቀን ቢሆን አይግረምህ። ባትሪውን ቀይር፤ ክሮኒ ወይም የሲስተምዲው የሰዓት አስተካካይ መሥራቱን አረጋግጥ።

የተበላሹት መስመሮች በማጣሪያው በኩል ስለማያልፉ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ብዙ ከሆኑ በቅጂው ላይ ከላይና ከታች ያሉትን ትክክለኛ መስመሮች አይተህ የትኛው ቀን እንደሆኑ መመደብ ትችላለህ፤ ዋናውን ፋይል ግን እንዳትነካ። ሪፖርቱ ላይም መብራት የጠፋበትን ቀን «0 ጎብኚ» ብለህ አትጻፍ። «ሰርቨሩ አልሠራም» ብለህ ጻፍ። ዜሮ ያልከው እንደሆነ ድረ ገጹን የጠላው ሰው ነው የሚመስለው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ አንድ ጡረታ የቀረባቸው የሒሳብ ባለሙያ)

የ2018 በጀት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የድረ ገጽ ቁጥር እንዲገባ ተወስኖ፣ ልጆቹ በኤውስታትስ (የድረ ገጽ ጉብኝት ቆጣሪ ፕሮግራም) የወጣ የጁላይ፣ የኦገስትና የሴፕቴምበር ሠንጠረዥ ደምረው ሰጡኝ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ቀን ግን አውቃለሁ። ይህ ሩብ ዓመት ነው?

መልስ

አይደለም ጌታዬ፤ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። የእርስዎ ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025። ልጆቹ የሰኔ የሆኑ 7 ቀናትን ጨምረው የመስከረም የሆኑ 10 ቀናትን አስቀርተዋል።

ልጆቹን ግን አይቆጧቸው። ኤውስታትስ የሚያከማቸው በፈረንጅ ወር ነው፤ ወሩ አንዴ ከተደመረ በኋላ የየቀኑ የጉብኝት ብዛት ቢገኝም ሙሉውን የሐምሌ ሪፖርት ከውስጡ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ወደ ጥሬው ሎግ መመለስ አለባቸው። እዚያ ላይ አንድ አመል አለው፦ መስመሮችን የሚያነበው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ኦክቶበርን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ጁላይን ቢሰጡት «ይህ አልፏል» ብሎ ይዘለዋል። አሮጌ ፋይል ጨምረው ቁጥሩ ፈቀቅ አልል ካላቸው ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚህ ይልቅ መስመሮቹን በቀን አጣርተው ጎአክሰስ ለሚባለው ሌላ ቆጣሪ ፕሮግራም ቢያፈስሱለት፣ እሱ የሰጡትን ሁሉ ቆጥሮ አንድ ሪፖርት ያወጣል፤ ወሩ የማን ወር እንደሆነ አይጠይቅም።

ለእርስዎ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለያዘ 95 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን 96። ሌሎቹ ሦስቱ 90፣ 90 ቀን ናቸው። ማንም ምንም ሳይሠራ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሁለተኛው በ5 በመቶ ተኩል ያህል ይበልጣል፤ በሁለተኛው ሩብ «ጎብኚ ቀነሰ» ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ይህን ያስታውሷቸው። የሚያወዳድሩ ከሆነ የቀን አማካይ ያስወጡ።

ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ነው፤ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ያኔ በአንድ ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው በዚህ ነው፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ልጆቹ የወር መነሻዎቹን አንዴ በሠንጠረዥ ጽፈው በየዓመቱ ሊጠቀሙበት ካሰቡ፣ በ2020 የመስከረም ሪፖርታቸው በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ሎጉ ደግሞ እስከ ጁላይ 8 ድረስ መኖሩን ቀድመው ያጠይቁ። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት 95 ቀን ሲደመር ሪፖርቱ የሚዘገይበትን ጊዜ ያህል ሎግ ማቆየት አለበት፤ እኔ 120 አደርገው ነበር።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

እኛ ሊኑክስ የለንም፤ የዊንዶውስ ሰርቨርና አይአይኤስ (እንደ አፓቼ ድረ ገጽ የሚያቀርብ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ነው። ፋይሉ ስሙ ላይ ቀን አለው፤ ታዲያ እኛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነን ማለት ነው?

መልስ

ግማሹን ነፃ ናችሁ። ስሙ ስለማይቀያየር ባለወንበሩ ጣጣ የለባችሁም። የሰዓቱ ግን አለባችሁ፦ አይአይኤስ በተለመደው የደብሊውስሪሲ አጻጻፍ መስመሩ ላይ የሚያሰፍረው ዩቲሲ ነው፤ ማሽኑ በኢትዮጵያ ሰዓት ቢሞላም። ፋይል የሚቀይረውም በዩቲሲ እኩለ ሌሊት፣ ለእናንተ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ማዋቀሪያው ውስጥ ለፋይል ስምና ለመቀየሪያ የአካባቢን ሰዓት ተጠቀም የምትል ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ብታደርጉባት የሚስተካከለው ስሙና የመቀየሪያው ሰዓት ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው መስመር ዩቲሲ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የጥቅምት 1 ፋይል ስሙ ኦክቶበር 11 ይልና የመጀመሪያው መስመር ኦክቶበር 10፣ 21:00 ይላል፤ ያየ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ሳጥኗን ምልክት ካደረጋችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ጻፉና ፋይሎቹ ያሉበት ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት።